ሁለት ዓይነት እሺታ

ቆቦ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

...ጀሪካኑን ግን ያፈሰሰችው እሷ አይደለችም፤ እሱን ተሳስተሃል። እኔ ነኝ። ጀዊሪያ ሆርማት ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ነበር። አባባ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገቧ ቆመዋል። «እንመለስ?» አሏት። «እሺ» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ሆነና አባባ ሳቁ። ለምን እንደሳቁ ጠፋብኝ። ሰሞኑን ደጋግሜ እስከዚያ ሳቅ ድረስ እሄድና መንገዱ ይቆረጥብኛል።

ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁበት፤ አፉ በለኝ ወንድሜ። አሰላሙ ዓለይኩም። ራዊያ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እማ ደህና ናት። ጉልበቷ ብቻ ነው፤ እንደምታውቀው አቀበት ሲያይ ያኮርፋል።

በስልክ ብትነግሪኝ ምናለ ላልከው፦ ስልኩ ሲጠራ ቀድማ የምታነሳው ጀዊሪያ ናት። ያንተን ድምፅ ከሰማች ደግሞ ከእጇ የሚያስለቅቃት የለም። ጉዳዩ ስለ እሷ ነው፤ እሷ ፊት ስለ እሷ ማውራት አስጠልቶኛል። ሰው ሁሉ «ሚስኪን፣ ምን ታውቃለች» እያለ እላይዋ ላይ ያወራል። ወሬው ሲያልቅ ግን ተነስታ ከእማ ጀርባ ትቀመጣለች። ስለዚህ ታሂር ሽንኩርት ጭኖ አዳማ በወረደ ቁጥር በአይሱዙው ደብዳቤ እልክልሃለሁ።

አሁን ወደ ደስታው! ደብዳቤህን ለእማ ሳነብላት ገና ሳልጨርስ እልል አለች። ራዊያ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለትልልቆቹም የሙያ ክፍል መከፈቱን፣ ጀዊሪያ መስከረም ላይ ልትገባ እንደምትችል፣ እናንተ ቤት እንደምትኖር... «ልጄ በሃያ ሦስት ዓመቷ ተማሪ ልትሆን!» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበች። እኔም እኮ ዘለልኩ። ጀዊን ወዲያው ጠየቅናት። «አዳማ፣ ዒምራን ጋ ትሄጃለሽ?» «እሺ!» አለች፤ ከአፌ ተቀብላ። እማ በማግስቱ ሻንጣ ገዝታ መጣች፤ ቀይ፣ ጎማ ያለው። ጀዊሪያ ግቢው ውስጥ እየጎተተች ዶሮዎቹን አስጨነቀቻቸው።

ክፍሉ መስኮት አለው? ጨለማ ቤት አትወድም።

ስለ ራሴ የጠየቅከኝን ዛሬ አልመልስልህም። ምንም የለም፤ ደህና ነኝ።

እህትህ ሀስና


አዳማ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም ሀስንዬ፣

አለው። ወደ መንገድ ያያል። ባጃጅ ሲያልፍ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። አልጋም አስገባሁ፤ ቶርኖ ቤት አብሮኝ የሚሠራው አብርሃም እግሮቹን በየዳልኝ። ከሥራ ስመለስ ገብቼ አየዋለሁ። ባዶ አልጋ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ግን ራዊያ ደብዳቤሽን አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ማን ጠየቃት?» አለችኝ።

«ሀስና።»

«እንዴት ብላ?»

«ትሄጃለሽ ብላ። እሺ አለች፤ አላነበብሽውም?»

«አነበብኩት እንጂ። የኔ ተማሪዎችም "ላም ትበርራለች?" ብላቸው እሺ ይሉኛል» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለችኝን በራሴ ቋንቋ ልንገርሽ። የጀዊሪያ ነገር የአእምሮ እድገት ውስንነት ይባላል። እንደ ጉንፋን የሚለቅ በሽታ አይደለም፤ ሰዎች እንደሚሉት ጂንም አልነካትም። መግቢያው በር ጠባብ ነው በይው። ነገር ሁሉ አንድ ላይ ሲጋፋ ይቀረቀራል፤ አንድ አንድ ሲገባ ግን ይገባል። እንደሷ ያሉ ብዙዎች ያልገባቸውን ጥያቄ በእሺ ይሸኙታል፤ ጠያቂው ደስ ብሎት እንዲሄድ። አንዳንዴም የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ይዘው ይመልሳሉ። ራዊያ እንዲህ አለች፦ ሁለት ነገር አስመርጫት፤ ከዚያ አገላብጠሽ ጠይቂያት። ስትጠይቂም አትቸኩይ፤ ጠይቀሽ ዝም በይ። ዝምታው አንቺን እስኪያሳክክሽ ድረስ።

ሞክሪውና ጻፊልኝ። ምናልባት ራዊያ ተሳስታለች። ብትሳሳት ደስ ይለኛል።

ታሂር፣ ጀዊሪያ መናኸሪያ ትውላለች ያለኝ ደግሞ ምንድን ነው? ከማን ጋር?

ዒምራን


ቆቦ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወላሂ ዒምራን፣ ራዊያ እንዳለችው ጠየቅኳት። ልሳቅ ይሁን ልፍራ አልለየሁትም።

«ጀዊ፣ ሻይ ነው ውሃ?» «ውሃ።» ጥቂት ቆየሁና፣ «ውሃ ነው ሻይ?» «ሻይ።»

እማ፣ «እንግዲህ ሁለቱም ጠማት» አለች።

«አዳማ ነው ቆቦ?» «ቆቦ።» «ቆቦ ነው አዳማ?» «አዳማ።»

በዚህኛው እማ አልሳቀችም። ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየችና፣ «እሺ ማለትን እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች። «እንቢ ያለች ልጅ ትመታለች። እሺ ያለችን ማን ይመታል? እሺ ባለች ቁጥር ቴምር አጎርሳት ነበር።»

ያ ሁሉ ቴምር!

መናኸሪያውን ለጠየቅከኝ፦ አትደንግጥ። በሩ ላይ ሻይ የሚሸጡት እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ አለፍ ብሎ ነው፤ ታስታውሳቸዋለህ። እማ ገበያ ስትሄድ እሳቸው ጋ ትተዋት ነበር። አንድ ቀን ጀዊ ተነስታ ከተራ አስከባሪው ከይድነቃቸው ጎን ቆመችና «ሮቢት! ሮቢት! ሮቢት!» ማለት ጀመረች። ድምፅ አላት እኮ! ቤት ውስጥ የት ደብቃው ነበር? ረዳቶቹ ሳቁ፤ አንዱ ተሳፋሪ «እቺ ደሞ ማናት?» ሲል፣ ይድነቃቸው «ባልደረባዬ ናት። ግባ፣ አትገተር!» አለው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትሄዳለች። ጫማዋን ራሷ ታደርጋለች ዒምራን፤ ራሷ!

መጥፎውንም ልንገርህ፤ ኋላ ከታሂር ሰምተህ እንዳትቀየመኝ። ባለፈው የገበያ ቀን አንድ የዋጃ ሰውዬ ፍየሉን ሸጦ ሊመለስ መጣ። «ይሄ ዋጃ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ምን ያለችው ይመስልሃል?

«እሺ።»

ገባ፤ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሮቢት ወረደ። ወደ ሰሜን የሚሄደውን ሰው ወደ ደቡብ ላከችው! ተመልሶ ሲመጣ መናኸሪያው ተናወጠ። «እሺ ብላኛለች! በአላህ ስም፣ እሺ ብላኛለች!» ይላል። ይድነቃቸው፣ «እሷ ለሁሉም እሺ ነው የምትል። ጆሮህ ስር ሮቢት ሮቢት ሲባል አንተ የት ነበርክ?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጀዊሪያም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች፤ ሰውየው ዱላ አነሳ። አልመታትም። እትዬ በላይነሽ ሻይ ይዘው መሃል ገቡ። ሻዩን ሲቀምስ ቁጣው በረደ፤ በስተመጨረሻ ዋጃዬው ራሱ ሲስቅ ነበር።

እማ አሁን ከቤት አትወጣም ብላለች። ጀዊሪያ በሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ታደርጋለች።

እና እሺ ማለቷ ምንም ካልሆነ፣ ዒምራን፣ ምን እንደምትፈልግ በምን ይታወቃል? ሻንጣው እኮ ተገዝቷል።

ሀስና


አዳማ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀስና፣

ታሂር ሽንኩርቱን እያራገፈ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። ስለ ጀዊሪያ መስሎኝ «አብረን» አልኩት። «ሀስና ደሴ ጤና ኮሌጅ አለፈች አይደል? ላብራቶሪ» አለኝ። እጄ ላይ የነበረው ጆንያ ወደቀ።

ስለ ራሴ አልመልስልህም ያልሽው ይሄ ነው? መስከረም ላይ ካልገባሽ ቦታው እንደሚሰጥብሽም ነገረኝ። ከሾፌር ሰማሁት። አልተቀየምኩም። ተቀይሜ ነበር፤ አልፏል።

እንደገባኝ ልጻፈው፤ ካልሆነ አርሚኝ። ጀዊሪያ አዳማ ከመጣች አንቺ ደሴ ትሄጃለሽ። ካልመጣች እማ በዚያ ጉልበቷ ብቻዋን አትችላትምና አንቺ ትቀሪያለሽ። ለዚህ ነው እልል ያላችሁት። እኔም እዚህ አልጋ በይጄ ተደስቻለሁ። ሁላችንም በእሷ እሺታ ላይ ቤት ሠራን።

ራዊያ መናኸሪያውን አታስቀሯት ትላለች። ሥራውን አጥብቡላት እንጂ። አንድ መስመር ብቻ፣ ሮቢትን። ሌላ አገር የሚጠይቃትን በእጇ ወደ ይድነቃቸው ትጠቁም፤ በአፏ አትመልስ። ደጋግማችሁ አለማምዷት።

ሌላም አለች፤ አልገባኝም፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ። «እሺ ከአፍ ነው የሚወጣው፤ እግሯን እዩት።»

ደሴን አትልቀቂ። እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ ግን አትልቀቂ።

ዒምራን


ቆቦ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

አገኘሁት! አባባ ለምን እንደሳቁ አገኘሁት!

ቆይ፣ በተራ። ትንፋሼ ይመለስ።

አዎ፣ ስለ ደሴ ያልከው ልክ ነው፤ የማርመው የለኝም። አፉ በለኝ። ብነግርህ ጀዊሪያን ለእኔ ብለህ የምትወስዳት መስሎ ታየኝ። እሱን አልፈን እንሂድ፣ እባክህ።

እማን ለምነን ጀዊ ወደ መናኸሪያ ተመለሰች። ይድነቃቸው ያላችሁትን አደረገ። ረዳቶቹን በየተራ እያስመጣ «ዋጃ ነው?» ያስብላቸዋል፤ እሷ ጣቷን ወደ እሱ። «አላማጣ?» ጣቷን ወደ እሱ። «ሮቢት?» «ሮቢት! ግባ!» አሁን ጣቷ ይድነቃቸውን ለማግኘት መናኸሪያውን ሙሉ ይዞራል። ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳን ትጠቁመዋለች፤ ሰውየው አፍሮ ሊሞት ነው።

ከትናንት በስቲያ ልወስዳት ሄድኩ። ይድነቃቸው «ጀዊ፣ ወደ ቤት?» አላት። «እሺ» አለች። አልተንቀሳቀሰችም። ራዊያ ስላለችው እግሯን አየሁ፤ እንደተተከለ ነው። ሳቀና «ወይስ አንድ መኪና እንሙላ?» አላት።

«ቶሌ!» አለችና ሮጠች።

ቶሌ! የአባባ ቃል! ያ ከአያቶቻቸው የተረፋቸው ኦሮምኛ፤ አንድ ነገር ከልባቸው ሲወዱ «ቶሌ፣ ይሁን» የሚሏት። ጀዊሪያ ስትላት ሽማግሌውን እየቀዳች መስሎን ስንስቅ አልኖርንም?

ሆርማትም እንዲሁ ነበር። «እንመለስ?» አሏት። «እሺ» አለች፤ አልተነሳችም። አባባ ጠበቁ። ውሃው እግሯን አልፎ ሲሄድ እያዩ ዝም ብለው ጠበቁ። ከዚያ «ወይስ ትንሽ እንቀመጥ?» አሏት። «ቶሌ።» ያኔ ነው የሳቁት። ያኔ ነው እኔ ጀሪካኑን ያፈሰስኩት፤ ቸኩዬ፣ እንሂድ እያልኩ ስጎትታት። እሳቸው ያውቁ ነበር ዒምራን። ለማንም አልተናገሩም፤ ወይም ተናግረው አልሰማናቸውም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱን በጥያቄ አመስኩት። ሽንኩርት እንላጥ? እሺ። ሂና ልቀባሽ? ቶሌ! ገላሽን ልጠብሽ? እሺ። ለመውሊድ ድቤው ጋ እንሂድ? ቶሌ፣ ቶሌ! ሰርግ ቤት እንሂድ? እሺ። ዓመቱን ሙሉ ሰርግ ለሰርግ ስናዞራት ነበር እኮ! እማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገችና ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልታየኝም።

አዳማን ግን አልጠየቅኳትም። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ድቤው እየተመታ፣ እጇ በሂና ቀልቶ፣ እሷ እያጨበጨበች፣ እኔ እግሯን እያየሁ ነበር። መልሱ እኮ የእሷ ብቻ አይደለም። ይህን ካንተ ሌላ ለማንም አልጽፍም።

ሀስና


አዳማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀስንዬ፣

ደብዳቤሽን ሳነብላት ራዊያ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ማግስቱን ለመምህራኑ ስትነግር ዋለች። ቤታችን ውስጥ ልጆቹ ሁሉ «ቶሌ» እያሉ ነው፤ እራት ሲቀርብ እሺ ያለ የለም።

ያልሽውን ለማንም አላልኩም።

ጠይቂያት። ግን ራዊያ ያለችው ልክ ነው፤ ያላየችውን አገር እንዴት ቶሌ ትላለች? የክፍሉን፣ የአልጋውን፣ የመስኮቱን፣ የትምህርት ቤቱን በር ፎቶ አሳጥቤ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በእጇ ትያዘው። ከዚያ ይዘሻት ነይ፤ መስከረም አራት ደሴ መናኸሪያ እጠብቃችኋለሁ። አንቺ እዚያው ትቀሪያለሽ፤ እኔ ይዣት ወደ አዳማ እወርዳለሁ። ከወደደች ትቆያለች፤ ካልወደደች መልሼ አመጣታለሁ።

እማ ብቻዋን ስትሆን ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ባወቅሁ ኖሮ እጽፍልሽ ነበር። ብረት ብቻ ነው እኔ የማውቀው፤ ብረት ቢያንስ ሲጣመም ይታያል።

ዒምራን


ቆቦ መናኸሪያ፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዒምራን፣

መኪናው እስኪሞላ ነው የምጽፈው። ደሴ ስታገኘኝ ከሰላምታ በፊት ይህን አንብብ፤ ምን እንደሆነ ገና አላውቅም፤ በአፌ ግን አልችለውም።

ፎቶውን አሳየኋት። የመስኮቱን ወደደችው፤ ትራሷ ስር አስገባችው። «እዚህ ቤት ትኖሪያለሽ?» አልኳት። «እሺ» አለች። ጠበቅኩ። እስኪያሳክከኝ ጠበቅኩ። ቶሌ አላለችም። እንቢም አላለችም። ታየው ብለን፣ እንዳልከው፣ ቀዩን ሻንጣ አዘጋጀን። ዛሬ ሽቶ ሁሉ ተቀብታለች። ከቤት እስከዚህ ሻንጣውን ለማንም አልሰጠችም። ደስታዋን ብታይ! እኔም ከሷ ጋር ስሮጥ ነበር፤ ሁለታችንም እንደ ልጅ። እማ አልመጣችም፤ ጉልበቴ ብላ። ጉልበቷ አይደለም።

ሁለት ቦታ ይዤ ከበሩ አጠገብ ነኝ። ሻንጣዋ ጎኔ ነው። እሷ ግን አልገባችም፤ ደጅ ቆማ እየጠራች ነው። «ሮቢት! ሮቢት!» የኛ መኪና የደሴ ነው፤ ለሷ ግን በሮቢት የሚያልፍ ሁሉ ሮቢት ነው። አንዲት እናት «ወልድያ ያደርሳል?» አለቻት፤ ጣቷ ወደ ይድነቃቸው ሄደ። ሴትየዋ ተከትላው ሄደች። ደስ አይልም?

አምስት ሰው ቀርቷል ይላሉ።

እትዬ በላይነሽ በመስኮቱ ሻይ አቀበሉኝ። «የምትጽፊው ለወንድምሽ ነው? እንዲህ ብለሽ ጻፊለት» አሉኝ፤ ያሉትን እጽፋለሁ። «ጠዋት ከኔ ጋር ትመጣለች፣ ማታ ከኔ ጋር ትገባለች። ልጆቼ አድገው ሄደውብኛል፤ ከሰው ጋር ብመለስ እኔም ደስ ይለኛል።» ማንም አልጠየቃቸውም። ራሳቸው ናቸው ያሉት። «እሷስ ከተሳፈረች?» አልኳቸው። «ከተሳፈረችማ መንገዷን አላህ ያቅናው» አሉና ብርጭቋቸውን ይዘው ሄዱ።

መኪናው ሞላ። ከጎኔ ያለችው ቦታ ብቻ ቀርታለች። ረዳቱ «በይ ጀዊ፣ ግቢ፣ ዛሬ ተሳፋሪ ነሽ!» እያለ ይቀልዳል።

አሁን መጣች። በሩ ላይ ናት። እጇን ዘረጋች፤ ቀዩን ሻንጣ ያዘች፤ ሳበችው። አወረደችው። የእትዬ በላይነሽ አግዳሚ ላይ አስቀምጣው ተመለሰች።

«ጀዊ፣ ትገቢያለሽ?» አልኳት።

«እሺ» አለች።

እግሯን አየሁት። ጠበቅኩ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ አንዱ ከኋላ «እህት፣ እንሂድ እንጂ!» አለ፤ ይድነቃቸው «ዝም በል አንተ፣ ሰው ጥያቄ ላይ ነው» አለው። ጠበቅኩ። ሌላ ጥያቄ እንዳለ ያኔ ነው የታየኝ፤ ማናችንም ጠይቀናት የማናውቀው።

«ጀዊ፣ እኔ ልሂድ?»

ሳቀች። እንዳባባ።

«ቶሌ» አለች፤ በሩን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው፤ ጓ ብሎ ተዘጋ።